ስለ ጦርነት ስም

በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ይገኛል። ከዚያ ስለ ኢትዮጵያ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ መግለጫ የከተማው ሊቃውንት የሚመረምሩት ቃል በቃል ነው፤ ስሙ ሲለወጥ የነገሩም ፍርድ ይለወጣልና።

በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በትግራይ የተነሣውን ጦርነት መንግሥት «ሕግ ማስከበር» ብሎ ሰየመው፤ በእንግሊዝኛም «ሎው ኢንፎርስመንት ኦፐሬሽን» ተባለ። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ግን አብዝተው «ኮንፍሊክት» አሉ። ፊተኛው ስም ለሌባና ለወንበዴ የሚስማማ ነው፤ መድፍና አውሮፕላን ተሰልፎ ሁለት ዓመት ለቆየ ነገር እጅግ ጠባብ ሆነ።

የተርጓሚው ችግር የሚጀምረው ከአማርኛው ነው። «ግጭት» የምንለው ሁለት መኪና በመንገድ ሲላተሙም፣ ጎረቤት በወሰን ሲጣላም፣ ሠራዊት ከሠራዊት ሲገጥምም ነው። እንግሊዝኛው ግን ይለያል። «ክላሽ» የአንድ ስፍራና የአጭር ጊዜ ግጥሚያ ነው፤ (ይህንንም ቃል የአማርኛ ጆሮ ቶሎ የጠመንጃ ስም አድርጎ ይሰማዋል።) ስለዚህ የሁለት ዓመት ጦርነትን «ክላሽ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ብዙውን መከራ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጠብ ያደርገዋል።

«ኮንፍሊክት» ግን በከንቱ የሚነቀፍ ቃል አይደለም። በ1941 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረጉት ውሎች «የጦር መሣሪያ ግጭት» የሚለውን የመረጡት፣ ጦርነት አላወጅሁም የሚል መንግሥት ከግዳጁ እንዳያመልጥ ነው። ኢትዮጵያም በ1962 ዓ.ም. አጽድቃቸዋለች። የቃሉ ነውር ሌላ ነው፤ አድራጊ የለውም። «ግጭቱ ሕዝቡን አፈናቀለ» ሲባል ማን እንዳፈናቀለ አይታወቅም፤ ግጭትም ቤት አያቃጥልም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን ጦርነት ሳያውጅ መረብን ሲሻገር፣ በመንግሥታት ማኅበር ወረቀት ላይ ነገሩ «በኢትዮጵያና በጣልያን መካከል ያለ ክርክር» ይባል ነበር፤ የተወረረውና ወራሪው እንደ ሁለት ባላጋራዎች በአንድ ሚዛን ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ግን የማኅበሩ ምክር ቤት ጣልያን ቃል ኪዳኑን ጥሳ ወደ ጦርነት ገባች ሲል ፈረደ። ይህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው። ማኅበሩ ጦሩን አላስቆመም፤ ይሁንና የአድራጊው ስም በመዝገብ ቀረ።

ዛሬ ከሁሉ የሚያስተው ቃል «ፖስት ኮንፍሊክት» ነው። የፕሪቶርያ ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ በልማት ድርጅቶች ጽሑፍ ሁሉ ገባ። በዚያው ዓመት ግን በኦሮሚያ ተኩሱ አልቆመም ነበር፤ በሐምሌ 28 ቀንም ስለ አማራ ክልል ውጊያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። «ፖስት» ማለት «በኋላ» ማለት ነው። ተርጓሚው ይህን ቃል ሊጽፍ ቢገደድ እንኳ፣ የትኛው ጦርነት፣ በየትኛው ስፍራ፣ ከየትኛው ቀን በኋላ እንደ ሆነ አብሮ መጻፍ ይገባዋል።