የአንድ ቀን ልጆች

የሙዚቃ ደራሲው ዮሐንስ ብራምስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1833 ሃምቡርግ ውስጥ ነው። ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ፒዮትር ቻይኮቭስኪ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1840 ቮትኪንስክ በምትባል፣ ከሞስኮ ወደ ምሥራቅ ርቃ በምትገኝ የብረት ፋብሪካ ከተማ ነው። አንድ ቀን! በመካከላቸው ድፍን ሰባት ዓመት! ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ ሳዳምጣቸው ኖሬያለሁ፤ አንዱን ስሰማ ግን ሌላው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የእናንተ ተራ ደርሷል።

ለእኛ ነገሩ ሌላም ጣዕም አለው። ሩሲያ በዚያን ዘመን በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ትመራ ስለነበር ቻይኮቭስኪ ልደቱን የሚያውቀው አፕሪል 25 ብሎ ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ከዩልዮስ ጋር እኩል የሚራመድ ነው። እናም ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ ብራምስ ሚያዝያ 30 ቀን 1825 ዓ.ም.፣ ቻይኮቭስኪ ሚያዝያ 30 ቀን 1832 ዓ.ም.። ዛሬ ዛሬ ሜይ 7 የሚውለው ሚያዝያ 29 ቢሆንም በዚያ ምዕተ ዓመት 30 ነበር። ሁለቱም የልደታ ዋዜማ ልጆች ናቸው! (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ግን ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሒሳብ የሚወዱ ወዳጆቼ፣ 23 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ቢሰበሰብ ከመካከላቸው ሁለቱ ልደት የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሆነ ያስረዱኛል። ትክክል ናቸው። የቀኑ መግጠም ተአምር አይደለም። ለእኔ ትልቁ ነገር፣ ቀኑ ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ እንዳያቸው ማስገደዱ ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚታየውን ልንገራችሁ፤ እኔ እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

ብራምስ በዕድሜው የጻፈው የቫዮሊን ኮንሰርቶ (ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) አንድ ብቻ ነው። ቻይኮቭስኪም እንዲሁ አንድ ብቻ። የብራምስ የተጻፈው በ1878 ነው። የቻይኮቭስኪም በ1878! የብራምስ በዲ ሜጀር ነው። የቻይኮቭስኪም በዲ ሜጀር! ብራምስ የጻፈው ኦስትሪያ ውስጥ በቨርተርዜ ሐይቅ ዳር፣ ፔርትሻህ በምትባል መንደር ሲሆን፣ ቻይኮቭስኪ የጻፈው ስዊዘርላንድ ውስጥ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ክላራንስ በምትባል መንደር ነው። አንዱ በጸደይ፣ ሌላው በዚያው ዓመት በጋ። በዚያን ጊዜ ሁለቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም።

ይህም አልበቃ። ብራምስ ኮንሰርቶውን ያሰበው አራት ክፍል እንዲሆን ነበር፤ ኋላ ሁለቱን መካከለኛ ክፍሎች አውጥቶ ጣለና በምትካቸው አንድ ዝግ ያለ አዲስ ክፍል ጻፈ። ቻይኮቭስኪም መካከለኛውን ክፍል ጽፎ ከጨረሰ በኋላ አልወደደውም፤ አውጥቶ ዛሬ የምናውቀውን ካንሶኔታ በአንድ ቀን ጻፈ። የተጣለው ክፍል ራሱን ችሎ ለቫዮሊንና ለፒያኖ ሌላ ሥራ ሆነ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ዓመት፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ቅኝት፣ ሁለቱም መሐል ላይ ተሰናክለው ሁለቱም መሐሉን እንደገና ጻፉ! ይህን ባነበብኩበት ሰዓት መጽሐፉን አስቀምጬ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ።

የዲ ሜጀሩ ነገር ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ደስታውን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የቫዮሊን አራት ክሮች የሚቃኙት ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው ነው። ዲ ማለት ሬ ነው። በሬ ቅኝት የተጻፈ ሙዚቃ ሲጫወቱ፣ ጣት ያልነካቸው ክሮች ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ ድምፁን ያጅባሉ፤ መሣሪያው በሙሉ ደረቱ ይዘፍናል። የማሲንቆ ተጫዋች በአንድ ጭራ የሚያወጣውን ጉድ ለሚያውቅ ሰው፣ አራት ክር ተባብሮ ሲያስተጋባ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅተውም። ቤትሆቨንም ቀደም ብሎ በ1806 የቫዮሊን ኮንሰርቶውን የጻፈው በዚሁ በዲ ሜጀር ነው። ስለዚህ ቅኝቱን ቫዮሊኑ ራሱ መርጦላቸዋል ማለት ይቻላል። የቀረውን ግን ማን እንደመረጠላቸው እኔ እንጃ።

ሰዎቹ ራሳቸው እንዴት ተለያይተው እንደነበር ስታስቡት ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ቻይኮቭስኪ በ1877 በጋ አግብቶ በሳምንታት ውስጥ ከትዳሩ ሸሽቷል። ክላራንስ የደረሰው መንፈሱ ተሰብሮ ነው። እዚያ ዮሲፍ ኮቴክ የተባለ ወጣት ቫዮሊን ተጫዋች መጣለት፤ አብረው የሌሎችን ሥራ ሲጫወቱ በድንገት ሙዚቃው መጣ፣ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜም አለቀ። ብራምስ በአንጻሩ የማይቸኩል ሰው ነው። የመጀመሪያ ሲምፎኒውን ለሕዝብ ያቀረበው በ43 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ ሲጽፍና ሲቀድ ኖሯል። ኮንሰርቶውንም ለወዳጁ ለታላቁ ቫዮሊን ተጫዋች ለዮሴፍ ዮአኪም እየላከ፣ ይህ ለጣት ይመቻል ወይ እያለ እየጠየቀ ነው የሠራው።

ቻይኮቭስኪ ኮንሰርቶውን ያበረከተው ፒተርስበርግ ለነበረው ቫዮሊን ተጫዋች ለሊዮፖልድ አወር ነበር። አወር አልጫወትም አለ። አወር የማን ተማሪ ነበር? የዮአኪም! ኮቴክስ በኋላ በርሊን ሄዶ ከማን ተማረ? ከዚያው ከዮአኪም!

የብራምስ ኮንሰርቶ ጃንዋሪ 1 ቀን 1879 ላይፕሲግ ውስጥ፣ ብራምስ እየመራ ዮአኪም እየተጫወተ ለሕዝብ ቀረበ። የቻይኮቭስኪ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ፣ እስከ ዲሴምበር 4 ቀን 1881 ጠበቀ። በመጨረሻ አዶልፍ ብሮድስኪ የተባለ ቫዮሊን ተጫዋች ደፍሮ አቀረበው። የት? የብራምስ መኖሪያ በሆነችው በቪየና! ኤድዋርድ ሃንስሊክ የሚባለው የከተማዋ ኃያል ሐያሲ፣ የብራምስ የልብ ወዳጅ፣ ሥራውን በጋዜጣ ላይ እንደ ጨርቅ ቀደደው፤ ቫዮሊኑ ተደበደበ እንጂ አልተዘፈነበትም እስከማለት ደረሰ። ቻይኮቭስኪ ያን ጽሑፍ እስኪሞት ድረስ ቃል በቃል በልቡ ይዞት ኖረ ይባላል። እኔ ስለ ሃንስሊክ የማስበውን ባልጽፈው ይሻላል። ብሮድስኪን ግን እወደዋለሁ፤ ስሙን ያዙልኝ።

ሁለቱ የልደት ተጋሪዎች የሚዋደዱ እንዳይመስላችሁ። ቻይኮቭስኪ በ1886 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ብራምስን ተሰጥኦ የሌለው ሰው እያለ በቁጣ ሰድቦታል። የብራምስ ሙዚቃ ለእሱ ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር። በመካከላቸው ግን ድልድይ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ሃንስ ፎን ቢውሎ የቻይኮቭስኪን የመጀመሪያ ፒያኖ ኮንሰርቶ በ1875 ቦስተን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተ ሰው ነው፤ የብራምስን አንደኛ ሲምፎኒ የቤትሆቨን አሥረኛ ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሜይ 7 ቀን 1824! ብራምስ ከመወለዱ ልክ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ቀን! ይህን ሳገኝ ሌሊት ነበር፤ ሰው መቀስቀስ ስለማልችል ብቻዬን ጮህኩ።

አሁን ወደ ብሮድስኪ እንመለስ። በቪየና ደፍሮ የተጫወተው ያ ሰው በኋላ ላይፕሲግ ውስጥ መምህር ሆነ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1888 ቻይኮቭስኪ ለምሳ ሊገባ የብሮድስኪን ቤት በር ሲከፍት ውስጥ ሙዚቃ ይሰማል፤ ብራምስ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ ብሮድስኪ ቫዮሊን፣ ዩሊየስ ክሌንገል ቼሎ ይዘው የብራምስን ሦስተኛ ትሪዮ ይለማመዳሉ። ብራምስ የራሱን ኮንሰርቶ በዚያው ከተማ ካቀረበ ልክ በዘጠነኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን! ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ሙዚቃው አልቆ ቻይኮቭስኪ ዝም አለ፤ ያልወደደውን ማሞገስ አልሆነለትም።

ከዚያ ኖርዌያዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድቫርድ ግሪግ ከሚስቱ ከኒና ጋር ገባ፤ ሁሉም ማዕድ ቀረቡ። የብሮድስኪ ባለቤት አና በጻፈችው ትዝታ፣ ኒና በብራምስና በቻይኮቭስኪ መካከል ተቀምጣ ጥቂት ከቆየች በኋላ፣ በእነዚህ ሁለት መካከል መቀመጥ ያስጨንቀኛል ብላ ተነሣች፤ ግሪግ እኔ ድፍረቱ አለኝ ብሎ ተተካ። ብራምስ የእንጆሪ ማርማላታውን ሳህን ይዞ ለማንም አላካፍልም አለ። ቤቱ የልጆች ግብዣ መሰለ። ቻይኮቭስኪ ከዚያ በኋላ ስለ ብራምስ ሲጽፍ ሙዚቃውን ባይወድም ሰውየውን ግን ትሕትና ያለው፣ ኩራት የሌለበት ሆኖ አገኘው። ያቺን ገበታ ዳር ሆኜ ለማየት ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ በማርች 1889፣ ቻይኮቭስኪ አምስተኛ ሲምፎኒውን ሊመራ ሃምቡርግ ሄደ፤ ብራምስ ወደተወለደበት ከተማ። ብራምስም እዚያው ነበር፤ ልምምዱን ለመስማት ብሎ ጉዞውን በአንድ ቀን አዘገየ። ከዚያ አብረው ምሳ በሉ፤ ብራምስ ከመጨረሻው ክፍል በቀር ሥራውን እንደወደደው ነገረው። እስቲ ይህን አስቡት! በደብተሩ የሰደበውን ሰው ለማዳመጥ አንድ ቀን የቆየ ታላቅ የጥበብ ሰው! ብራምስ ስለ ስድቡ አያውቅም ነበር ብትሉኝም ለእኔ ያው ነው።

ሜይ 7 ሌላም ልጅ አላት። ከ2000 በላይ ዘፈን የደረሰው ራቢንድራናት ታጎር በ1861 ኮልካታ ውስጥ የተወለደው በዚሁ ቀን ነው፤ የሕንድና የባንግላዴሽ ብሔራዊ መዝሙሮች የእሱ ናቸው። ቻይኮቭስኪም 51ኛ ልደቱን፣ ሜይ 7 ቀን 1891ን፣ ያሳለፈው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ከተከፈተ ሦስተኛ ቀኑን በያዘው፣ ዛሬ ካርኔጊ ሆል በሚባለው አዳራሽ ሦስተኛ ስዊቱን ሲመራ ነው።

እኔ ግን ወደ ሁለቱ ኮንሰርቶዎች እመለሳለሁ፤ ሌት ተቀን የማዳምጠው እነሱን ነው። ቻይኮቭስኪ ቫዮሊኑን ብዙ አያስጠብቀውም፤ ኦርኬስትራው ጥቂት ከተናገረ በኋላ ቫዮሊኑ ብቻውን በለሆሳስ ይገባና ወዲያው ልብ ይዞ ይሄዳል። ብራምስ ግን ኦርኬስትራውን ደቂቃዎች ሙሉ ያናግረዋል፤ ቫዮሊኑ ሲመጣ እንደ ተቆጣ ሰው ነው የሚገባው፣ ከዚያ ነው ቀስ በቀስ የሚለሰልሰው። በዝግታው ክፍል ደግሞ ብራምስ ውብ የሆነውን ዜማ ለቫዮሊኑ አይሰጥም፤ ኦቦ ለሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ይሰጠዋል! ዝነኛው ስፔናዊ ቫዮሊን ተጫዋች ሳራሳቴ፣ ኦቦ እየዘፈነ እኔ ቫዮሊን ይዤ አልቆምም ብሎ ሥራውን እምቢ ያለው ለዚህ ነበር። ሳራሳቴ ተሳስቷል። ኦቦው ሲጨርስ ቫዮሊኑ ያን ዜማ ተቀብሎ ሲዘረዝረው፣ መጠበቁ ራሱ ለምን እንዳስፈለገ ይገባችኋል። በመጨረሻው ክፍል ሁለቱም ይጨፍራሉ፤ ብራምስ እንደ ሃንጋሪ ሮማ ሙዚቀኞች፣ ቻይኮቭስኪ እንደ ሩሲያ ገበሬ። ለየብቻ ሳዳምጣቸው ብራምስ ቁጥብ፣ ቻይኮቭስኪ ስሜታዊ ይመስሉኝ ነበር። አከታትዬ ስሰማቸው ግን የብራምስ እሳትና የቻይኮቭስኪ ጥንቃቄ ፊት ለፊት ወጣ።

ከየት እንደምትጀምሩ ልንገራችሁ። ያሻ ሃይፌትስ ያ እምቢ ያለው የአወር ተማሪ ነው፤ አወር ኋላ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ሥራውን ለተማሪዎቹ ያስተማረ ሰው ሆኗልና። ሃይፌትስ ሁለቱንም ኮንሰርቶዎች ከአንድ መሪና ከአንድ ኦርኬስትራ ጋር፣ ከፍሪትስ ራይነርና ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር፣ ቀድቷቸዋል፤ የብራምስን በ1955፣ የቻይኮቭስኪን በ1957። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጡም። መጀመሪያ ቻይኮቭስኪን፣ ወዲያው ሳታቋርጡ ብራምስን ክፈቱ። እባካችሁ ዛሬ ማታ አድምጧቸው።