በ41ኛው መዝሙር ላይ ፌሊክስ ሜንደልሶን ስለ ደረሰው ዜማ

በእኛ ዳዊት 41ኛ፣ በዕብራውያንና በጀርመኖች መጽሐፍ 42ኛ ሆኖ የሚቈጠረውን የቆሬ ልጆች መዝሙር፣ ጀርመናዊው ፌሊክስ ሜንደልሶን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 ዓመት በዜማ ደርሶታል። ይህ ሰው የአይሁዳዊው ፈላስፋ የሙሴ ሜንደልሶን የልጅ ልጅ ነው፤ በ1809 ተወልዶ በ1816 ተጠመቀ። አያቱ መዝሙራትን ወደ ጀርመንኛ መልሶ በ1783 አሳትሞ ሳለ፣ የልጅ ልጁ ግን ለዜማው የሉተርን ትርጓሜ መረጠ።

ነገሩም የሚጀምረው ከዚሁ ትርጓሜ ነው። ሉተር ዋላው ወደ ውሃ ይጮኻል ብሎ ተርጕሟል፤ ግእዛችን ግን «ያፈቅር» ይላል፤ ጽርዑም ናፍቆትን እንጂ ጩኸትን አይናገርም። ሜንደልሶን የያዘው ቃል ጩኸት ሲሆን ዜማው አይጮኽም፤ ድምፆቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ በለሆሳስ ይፈስሳሉ። ስለዚህ ሳያውቀው ከገዛ መጽሐፉ ይልቅ ለግእዙ ቀርቧል ብንል ከእውነት አንርቅም። የሚጐድለው ግን አለ። የቀደሙት መተርጕማን ዋላ እባብን አጥፍቶ ከዚያ የተነሣ በጥም ይቃጠላል፣ ስለዚህም ወደ ውሃ ይሮጣል ይላሉ። ይህ መቃጠል በዜማው መግቢያ አይሰማም። በዚያ ወራት እርሱ አዲስ ሙሽራ ነበረ፤ ጥቁር ዱር በሚባለው የጀርመን አገር ከሚስቱ ጋር ሲጓዝ ድርሰቱን ጀምሯልና፣ የሙሽራው ደስታ የስደተኛውን ጥም አለዝቦታል ያሰኛል።

የሚደነቀው ስድስተኛው ክፍል ነው። አራት ወንዶች የእግዚአብሔርን ቸርነት በጸጥታ ሲያዜሙ፣ አንዲት ሴት በላያቸው የነፍሷን ኀዘን ታሰማለች። የሚያጽናናው ቃል ልቅሶዋን አያስቆመውም፤ ልቅሶዋም መጽናናቱን አያጠፋውም። መምህራን በብዙ አንድምታ የሚያስረዱትን እርሱ በአምስት ድምፅ አስረድቶታል።

ፍጻሜው ግን አያስማማንም። መዝሙሩ የሚያበቃው ነፍስ ገና በስደት ሳለች፣ ተስፋ አድርጊ ተብላ ነው፤ መቅደሱን ገና አላየችም። ሜንደልሶን ግን መዘምራኑ ሁሉ በታላቅ ድምፅ የእስራኤልን አምላክ የሚያመሰግኑበትን ቃል በመጨረሻ ጨምሮ እንደ ድል አድራጊ ዘጋው። በ1838 መባቻ በላይፕሲግ በጉባኤ አዳራሽ ተሰማ፤ ሮቤርት ሹማንም ከዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሁሉ ከፍ አድርጎ አመሰገነው። ይሁን እንጂ ገና የሚጠበቀውን እንደ ተፈጸመ አድርጎ መዘመር ለተሰደደው ሰው መጽናናት አይሆነውም፤ ተስፋውን ይነጥቀዋል እንጂ። የተጨመረውም ምስጋና የዚህ መዝሙር አይደለም፤ የመዝሙራትን የመጀመሪያ ክፍል የሚዘጋውን፣ በእኛ ቍጥር የ40ኛውን መዝሙር መደምደሚያ የሚመስል ነው።