የውጅግራው ጠባሳ

አሮጌን ዕቃ መጠገን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዕቃው የኖረበትን ዘመን ራሱ እንዲናገር ማገዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያልኖረውን ኑሮ እንዲያወራ ማስገደድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለተመልካች ዓይን ቶሎ ስለማይታይ፣ ጉዳዩ የሃያሲን ምርመራ ይሻል። ይህን አሳብ የቀሰቀሰብኝ፣ ለአንድ ታሪካዊ ተውኔት ልምምድ በተገኘሁበት ቀን ከመድረክ ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ያየሁት ውጅግራ ጠመንጃ ነው።

ጠመንጃው ከልዩ ልዩ ጠመንጃዎች ስብርባሪ የተገጣጠመ ነበር። አፈሙዙ ከአንድ፣ መዝጊያው ከሌላ፣ አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር የሚያቅፉት ቀለበቶች ከሦስተኛ የመጡ ናቸው። የመድረክ ቁሳቁስ ኃላፊው ብረቶቹን ከየሥፍራው ለቃቅሞ፣ በላምባ ዘፍዝፎ ዝገታቸውን አለቀቀ፤ ያልገጠመውን በሞረድ እየሳለ አገጣጠመ፤ ለደኅንነት ሲልም ጥይቱን የሚመታውን መርፌ አውጥቶ አፈሙዙን ደፈነ። የወራት ድካም ነው። ትዕግሥቱም የእጁም ጥበብ ያለ ማጋነን ሊመሰገን ይገባል።

ሂሴ የሚጀምረው ከእንጨቱ ላይ ነው። ከአሮጌው እንጨት የተረፈው ሰደፉ ብቻ ሲሆን፣ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁም እርጥብ ሳለ ተጠቅልሎ ሲደርቅ በጠበቀ የበሬ ጠፍር ታስሮ እንደ ነበር ባለሙያው ራሱ አጫወተኝ። እርሱ ግን ጠፍሩን በጥሶ ጣለ፤ ሰደፉንም ትቶ ከአንድ ግንድ አዲስ ጠርቦ በቫርኒሽ አንቈጠቈጠው። በመጨረሻም በየብረቱ ላይ የነበሩትን የማይመሳሰሉ ቍጥሮች ፍቆ፣ በሁሉም ላይ አንድ ቍጥር መታባቸው። «አሁን ወጥ ሆነ፣ ጋሼ!» አለኝ በኩራት።

ወጥ የሚለው ቃል ነው ያሳሰበኝ። ለመሆኑ ውጅግራ መቼ ወጥ ነበር? ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የተወሰደ ነው፤ ፉዚ ማለት ጠመንጃ፣ ግራ ደግሞ ጠመንጃውን ያበጀው የፈረንሳይ ጦር መኰንን የባዚል ግራ ስም ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 የወጣው ይህ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ መሠረቱ በ1866 የወጣው ሻስፖ ነው። ሻስፖ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ ስለ ነበር፣ እሳቱ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት እየተቃጠለ ያልቅ ነበር። ግራ መዝጊያውን ለውጦ የናስ ቀለህ ያለው ጥይት እንዲጎርስ አደረገው። አያሌ ሻስፖዎችም ሳይጣሉ፣ የጥይት ማረፊያቸው ሰፍቶ አዲስ የብረት እጅጌ እየገባላቸው ወደ ግራነት ተለወጡ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው ስናድርም፣ በአፈሙዙ በኩል ይጎርስ የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላው ተቈርጦ መክፈቻ ሲበጅለት የተገኘ ነው። እንግዲህ እነዚህ መሣሪያዎች ገና ከፋብሪካው ሲወጡ ጥገና የነካቸው ነበሩ።

ወደ አገራችን ከገቡ በኋላስ? ፈረንሳይ በ1886 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውንና ብዙ ጥይት የሚይዘውን ለበን ጠመንጃ ስትታጠቅ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ውጅግራ ለሽያጭ ወጣ። በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በብዛት ገብቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ዋለ። ጥይቱ በአንዳንድ ገበያ እንደ ገንዘብ እስከ መመንዘር ደረሰ። ከአድዋ 40 ዓመት በኋላ፣ ፋሺስት ኢጣልያ በወረረን ጊዜም አሮጌ ውጅግራ አንግቶ የዘመተ ወታደር ነበር።

መለዋወጫ በሌለበት አገር አንድ ጠመንጃ ይህን ያህል ዘመን የኖረው በማን እጅ ነው? የተሰበረውን ሰደፍ በጠፍር ባሰረው፣ የላላውን ቀለበት በሽቦ በጠመጠመው፣ የጠፋውን ብሎን በወናፍና በመዶሻ በተካው ባለእጅ ነው። ይህ ሰው ደግሞ «ቡዳ» ተብሎ የተሰደበ፣ በማዕድ የተገለለ ሰው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ መከልከላቸው ራሱ፣ ንቀቱ የቱን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል። ባለእጁ ስሙን የሚጽፍበት ብራና አልነበረውም። የጠፍሩ ቋጠሮ ፊርማው ነበረ። ቫርኒሹ የሸፈነው፣ ሞረዱም የፋቀው ይህን ፊርማ ነው።

ይህን ስነግረው ባለሙያው ዝም አላለም። «ታዲያ የተሰበረ ዕቃ ለጀግና ልስጠው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የተውኔታችን ጥያቄ ስለ ሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሴ «አዎን፣ ጀግናው የነበረው እርሱ ነውና» የሚል ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሆነውን ይህን ብረት የያዘ ተዋናይ፣ የጠፍሩን ሻካራነት መዳፉ ላይ ሲያገኘው አያያዙ ይለወጣል፤ እንደ ሸምበቆ ማወዛወዙንም ይተዋል። ከዚህም ሌላ ጠመንጃው አንድ ጥይት ብቻ ስለሚጎርስ፣ በሁለት ተኩስ መካከል መዝጊያውን መክፈት፣ ቀለሁን ማውጣት፣ ከዝናሩ ሌላ ጥይት መዝዞ ማጉረስ፣ መዝጋትና ማነጣጠር ግድ ይሆናል። በዚያች ፋታ ሰውዬው ባዶ እጁን እንደ ቆመ ያህል ነው። ፍርሃቱም፣ ጸሎቱም፣ አጠገቡ ወደ ወደቀው ጓደኛው የሚያደርገው ፍጥጫም በዚያች ፋታ ውስጥ ነው ያለው። በመድረኮቻችን ላይ ግን ከበሮው ያለ ፋታ ይደለቃል፤ ጀግናውም እንደ መትረየስ ይተኩሳል።

በዚህ ረገድ ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛ ጸሐፌ ተውኔቶች ያስተማርነውን ነው የሠራው። ይህ ጸሐፊም ጭምር፣ ስንጥቅ የሌለበት፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ጀግና አቁሞ ጭብጨባ የተቀበለበት ጊዜ አለ። ከጠላቱ ይልቅ ከጭፍራው ጋር የተኳረፈበትን ቀን፣ ያመነታበትን ሌሊት፣ ስንቁን የተሸከመችለትን ሴት ፍቀን በሁሉም ላይ አንድ ቍጥር መትተናል።

ስለሆነም ማሳሰቢያዬ ለሙዚየምም ለቴአትር ቤትም የሚሆን ነው። የጎደለው ይተካ፤ አዲሱ እንጨት ግን ከአሮጌው ጋር የተጋጠመበት መስመር ይታይ። አሮጌ ቍጥር አይፋቅ፤ የሌለ ቍጥርም አይመታ። የባለእጁ እሥር ጠመንጃውን እስከያዘ ድረስ ባለበት ይቆይ፤ ካልያዘም ወልቆ ከነታሪኩ ይቀመጥ። የትኛው ብረት ከየት እንደ መጣ፣ ማንስ እንደ ገጠመው በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ የዚያ የመድረክ ቁሳቁስ ኃላፊ ስምም በዚያ ደብተር ላይ ይስፈር። የፊተኛው ባለእጅ ያላገኘው ዕድል ቢያንስ ለእርሱ ይድረሰው።