የግቢ ብርሃንና የተነሺው ክብር
ስለ ሰይዱ ኬይታ ፎቶግራፎች

ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ የሚደነግጠው ከመሣሪያው ይልቅ ከአንሺው ዐይን ነው። በኢትዮጵያ ፎቶ ቤቶች ለጉርድ ፎቶግራፍ የተቀመጠ ሁሉ «ቀና በል፤ አትንቀሳቀስ» የሚለውን ትእዛዝ ያውቀዋል፤ ከዚያ የተገኘውንም የደረቀ ፊት በመታወቂያው ላይ ይዞት ይዞራል። ይህን ድርቀት የሚጠሉ አንዳንድ የሙያው ሰዎች መድኃኒቱ ሰውን ሳያውቅ ማንሣት ነው ይላሉ፤ ተነሺው ተዘጋጅቶ የቀረበበት ፎቶግራፍ ሁሉ ለእነርሱ ሐሰት ነው። የማሊው ሰይዱ ኬይታ ሥራዎች ግን ይህን አስተያየት ከሥሩ ያናጉታል።

ኬይታ የባማኮ ተወላጅ ነው። ትምህርት ቤት አልገባም፤ ከቤተሰቡ የተማረው አናጢነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ከሴኔጋል የተመለሰ አጎቱ ትንሽ የኮዳክ ካሜራ አመጣለት፤ ኋላም መምህርና ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ሙንታጋ ደምቤሌ ሙያውን አሳየው። እ.ኤ.አ. በ1948 ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ጸሓፊው፣ ነጋዴው፣ መንገደኛው፣ የቤት እመቤቷ ወደዚያ ይጎርፉ ጀመር።

አብዝቶ የሠራው በግቢው ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ነው። የመጀመሪያው የኋላ መጋረጃ የገዛ ራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። የመብራት ጨረር ፊት ላይ ሲተኮር ተነሺው እንደ ተመርማሪ ይሆናል፤ ግንባሩ ይኮማተራል። ለስለስ ያለ የግቢ ብርሃን ግን ከሰማይም ከመሬትም እየተመለሰ ስለሚደርስ ዐይን አይወጋም፤ የጥቁር ቆዳንም ልዩ ልዩ ደረጃ ሳያጠፋ ያወጣል። ተነሺው የተቀመጠውም ከቤቱ ደጅ በማይለይ ግቢ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

መሣሪያው 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ፊልም የሚይዝ ትልቅ ካሜራ ነበር። ወጪው ከባድ ስለነበረ ኬይታ ለአንድ ደንበኛ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሣ ነበር። ስለዚህ ተነሺውን የማረጋጋቱ ሥራ ሁሉ ከዚያች ቅጽበት በፊት ማለቅ ነበረበት። ቀደም ብሎ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ያሳያል፤ ደንበኛው የሚወደውን አቀማመጥ ይመርጣል፤ ከዚያ አንሺው እጅ ያስተካክላል፣ ትከሻ በጥቂቱ ያዞራል። ሰውዬው ያፈረበትን ሳይሆን የመረጠውን ይዞ ስለሚቀርብ ይረጋጋል።

ሰዓቱ፣ ሬዲዮው፣ እስክሪብቶው፣ ቬስፓው ሁሉ የንዑስ ከበርቴ ትዕቢት ነው የሚል ትችት ሊነሣ ይችላል። ከፊል እውነትነት አለው፤ ዕቃው ሰውዬውን የዋጠባቸው ፎቶግራፎች አሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. እስከ 1960 በቅኝ አገዛዝ ሥር ለነበረ ሕዝብ፣ እንዴት ልታይ የሚለውን ራስ መወሰን ተራ ጉራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1959 የተነሣውን ነጭ ልብስ የለበሰ ባለ መነጽር ወጣት መመልከት ይበቃል፤ በቀጫጭን ጣቶቹ አንዲት አበባ ይዟል። አቋሙ በግልጽ የታሰበ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ቅንጣት ፍርሃት አይታይም።

ቅሬታ የሚያስነሣው ኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርክ በተከፈተ ኤግዚቢሽን ሥራዎቹ የታዩት አንሺው ያልታወቀ ተብለው ነበር። ስሙ ከተገኘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ፓሪስ ውስጥ ለብቻው ታየ፤ ፎቶግራፎቹም ለገበያ እየተስፋፉ፣ ጥቁሩ ከነጩ በኃይል እየተለየ ይታተሙ ጀመር። ያ ለስላሳ የግቢ ብርሃን በእነዚህ ግዙፍ ኅትመቶች ላይ ሸክሯል። ባማኮዎች ወደየቤታቸው ይዘውት የሄዱት መዳፍ ላይ የሚያርፍ ወረቀት ነበር፤ የአብዛኞቹም ስም ከፎቶግራፉ ጋር አልተጻፈም።