«ጉዱ» ያለው ማን ነው?

የሥነ ጽሑፍ ኮርሱ የመጀመሪያ ወረቀቴ ሲመለስልኝ ግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ይኸው ብቻ ነበር፦ «ታሪኩን ነግረሽኛል። እንዴት እንደተነገረስ?»

ተናደድኩ። የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እኮ ሳላነበው በፊት ነው የማውቀው። እናቴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታ፣ ቡና ባፈላች ቁጥር ለእኛ መልሳ ታወራልን ነበር። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ለእኔ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን እንደከለከለ፣ ማን እንዴት እንደሞተ 6 ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። አንዲት ስህተት የለችበትም። ለካ እናቴ ከአቦል እስከ በረካ የምትጨርሰውን ነው ያንዛዛሁት።

አሁን ኮርሱ ሲያልቅ ሳስበው፣ የተማርኩት ሙያ አንድ ነው፤ ቀስ ብሎ ማንበብ። መምህራችን አንድ ገጽ አባዝተው ያድሉንና ክፍለ ጊዜውን በሙሉ እሷኑ ስናገላብጥ እንቆያለን። ይህን የሚናገረው ማን ነው? የሚያየውስ? ይህች ቃል ከማን አፍ ወጣች? እርሳስ ሳልይዝ ማንበብ የተውኩት ያኔ ነው።

በግጥሙ ሳምንታት ደግሞ ሥራው በጣት ነበር። ቡሄ በሉ 4 በ4፣ ሰንጎ መገን 5 በ5፣ የወል ቤት 6 በ6፣ የጸጋዬ ቤት 8 በ8 እያልን ቀለም ቆጠርን። መጀመሪያ ላይ ፊደል ስቆጥር ሁልጊዜ ይተርፈኝ ነበር። ድምፁ የተዋጠ ሳድስ ከቁጥር እንደማይገባ የገባኝ ቆይቶ ነው። እሱንም ያስረዳኝ ደብተሬ ሳይሆን ጆሮዬ ነው። ወንድሞቼ ለቡሄ በር ለበር ሲጨፍሩ ዱላቸው መሬቱን የሚመታው የቱ ጋ እንደነበር ሳስታውስ፣ ቁጥሩ ልክ መጣ።

ከሁሉ በላይ ይዤው የወጣሁት ግን የስም ነገር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዛሬ መጽሐፉን «ጦቢያ» እንለዋለን፤ የጥንቱ ስም ከመጽሐፉ ወጥቶ የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ደግሞ 3 ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በ4ኛው ከርዕሱ ላይ ቆምኩ። የጠራውን አደፍርስ የሚል ስም ከልባሱ ላይ ተጽፎ እያለ፣ እኔ ውስጡ ገብቼ ጥሩ ውሃ ስፈልግ ኖሬያለሁ!

ከዚያ ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር»ው ጉዱ ካሣ ተመለስኩ። የሰውየው ስም ካሣ ዳምጤ ነው። «ጉዱ» ያሉት፣ አነጋገሩ እንደ እብደት የታያቸው ሰዎች ናቸው። ሀዲስ ዓለማየሁ ይህንኑ ቅጽል ለአንባቢው ያቀብሉታል፤ እኛም ሳናስበው፣ ስሙን በጠራን ቁጥር ከፈራጆቹ ጋር አንድ ላይ እንፈርዳለን። ሲናገር ስንሰማው ግን ልባችን የሚሄደው ወደ እሱ ነው። አፋችን ከሀገሬው፣ ልባችን ከካሣ። ይህ ከታሪኩ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም፤ ያለው አተራረኩ ውስጥ ነው።

የመጨረሻ ወረቀቴን በዚሁ ላይ ጻፍኩ። ረቂቁ ላይ «ጉዱ» የሚለውን ሁሉ ሰርዤ «ካሣ ዳምጤ» ብዬው ነበር፤ ፍርድ ያቀናሁ መስሎኝ። መልሼ ሳነበው ሰውየው ጠፋ፣ ከእሱ ጋር የእኔም ጥፋት ጠፋ። እንደገና «ጉዱ» አልኩት፤ አሁን ግን ከማን አፍ እንደተቀበልኩት እያወቅሁ።

ለበዓል ቤት ስሄድ እናቴ ቡና እየወቀጠች ነበር።

«እማዬ፣ ካሣን ለምንድን ነው ጉዱ የምትዪው?»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለው የለ?» አለችና መውቀጧን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ዝም አለ።

«እውነትሽን ነው» አለች። «እኔን ምን አርጎኝ?»