የማይሥለው ልጅስ?

እ.ኤ.አ. በ2007 ለእይታ የበቃው የአሚር ካን ፊልም «ታሬ ዛሚን ፓር» ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከዋክብት በምድር ላይ» እንደማለት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኢሻን ዲስሌክሲያ ያለበት፣ ማለትም አእምሮው ንቁ ሆኖ ሳለ ፊደልን ከድምፁ ማዋሐድ የሚቸግረው ሕፃን ነው። አንብብ ሲሉት «ፊደሎቹ ይጨፍራሉ» ይላል። አባቱ ነገሩን ከስንፍና ቆጥሮ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሰደዋል።

የፊልሙ ብርቱ ትዕይንት የሥዕል መምህሩ ኒኩምብ ወላጆቹን ሲጎበኝ የሚታየው ነው። ደብተሮቹን ዘርግቶ የልጁ ስሕተቶች በዘፈቀደ የመጡ ሳይሆኑ የሚደጋገም መልክ ያላቸው መሆኑን ያሳያል። ከዚያም ለአባትየው የሩቅ ምሥራቅ ጽሕፈት ያለበት ካርቶን ሰጥቶ እንዲያነብ ያዘዋል፤ አልችልም ሲለውም እንደ ባለጌ ይቆጣዋል። ረጅም ንግግር የማያስረዳውን ይህች አጭር ትዕይንት ታስረዳለች።

የአማርኛ ተመልካች ግን ምሳሌዎቹን እንዳሉ መውሰድ አይችልም። በላቲን ትንንሽ ፊደላት «ቢ» እና «ዲ» አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ናቸው፤ «ሉ» ከ«ሊ» የሚለየው ግን ጭረቱ ከወገብ ወይም ከእግር በመውጣቱ ነው። ደግሞም ገበታውን በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደሉን ሳይለይ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ሊይዝ ይችላል። መምህሩ ከመካከል አንዱን ነጥሎ ካልጠየቀው ችግሩ ተሸፍኖ ይቀራል።

ፊልሙ የሚደክመው መጨረሻው ላይ ነው። ኒኩምብ በአሸዋና በሸክላ ፊደል ያስጽፋል፣ በደረጃ ላይ ስሌት ያስተምራል፤ ወራት የሚጠይቀው ይህ ሥራ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ኢሻንን ነጻ የሚያወጣው የሥዕል ውድድር ማሸነፉ ነው። ቀደም ሲልም መምህሩ አንስታይንንና ዳ ቪንቺን በምሳሌነት ይጠራል፤ ሙታንን በዚህ መልክ መመርመር እንኳ አጠራጣሪ ነው። ታዲያ የማይሥለው፣ የማይዘፍነው፣ ማንበብ ብቻ የቸገረው ልጅ በምን ተሟግቶ ሊማር ነው? ይህን ፊልም ያየ ወላጅ የንባብ እርዳታ ከመጠየቅ ይልቅ የተሸሸገ ተሰጥኦ ፍለጋ ቢወጣ አይፈረድበትም።

መልሱ ፊልሙ ውስጥ አለ። ኒኩምብ ወደ ርእሰ መምህሩ ገብቶ ልጁ ለጊዜው በቃል እንዲፈተን፣ የፊደል ግድፈቱም እንዲታለፍለት ይለምናል። ለዚህ ልመና ተሰጥኦ አላስፈለገም። ካሜራው ግን ለውድድሩ ቀለማት የሰጠውን ጊዜ ለዚያ ቢሮ አልሰጠም።