የጎላ አርማ፦ ከፓሪስ እስከ ሳሪስ

የንግድ አርማ በቦርሳና በሻንጣ ገጽ ላይ ጎልቶ መውጣት የጀመረው አስመስሎ ሠሪን ለመከላከል ነው። የፓሪሱ የሉዊ ቪቶን ቤት እ.ኤ.አ. በ1888 ዳማ መሰል ንድፉን ሲያወጣ የተመዘገበ ምልክት መሆኑን እዚያው ሸራው ላይ ጽፎ ነበር። ይህ ስላልበቃ የመሥራቹ ልጅ ዦርዥ በ1896 የአባቱን ስም መነሻ ፊደላት ከአበባ ጋር አጣምሮ የሻንጣውን ገጽ በሙሉ አለበሰው። ያ ንድፍ ዛሬ እጅግ ከሚኮረጁት አንዱ ነው።

ገዢው ብዙ ጊዜ ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ያ ዝነኛ ገጽ ቆዳ አይደለም። ፕላስቲክ የተቀባ የጥጥ ሸራ ሲሆን ቆዳው በአብዛኛው ከእጀታውና ከጠርዙ አያልፍም። ስለዚህ ዋጋውን የተሸከሙት ፊደላቱ ናቸው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 «ለታይታ የሚደረግ ፍጆታ» ያለውን ነገር አርማው በግልጽ ያሳያል፤ ነገር ግን ታይታም ደረጃ አለው። ተመራማሪዎቹ ሃን፣ ኑኔዝና ድሬዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የጉቺና የሉዊ ቪቶን ቦርሳዎች አርማቸው በጎላ ቁጥር ዋጋቸው ዝቅ ይል እንደነበር አሳይተዋል። እጅግ ውድ የሆነውን የሚለየው የለመደ ዓይን ብቻ ነው፤ የጣሊያኑ ቦቴጋ ቬኔታ በፊደል ፈንታ በተጎነጎነ ቆዳ የሚታወቀውም ለዚህ ነው።

ፊደል የሌለው ምልክት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የለባሹን ማዕረግ ከሩቅ ይናገር ነበር።

በአዲስ አበባ ከጎተራ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ፣ ሳሪስ ላይ፣ የአርማው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። የእግረኛ መንገድ ላይ ከሚዘረጉት ቀበቶዎች የጉቺን ሁለት ፊደላት በዘለበቱ ያልተሸከመው ጥቂት ነው። ገዢ «ቆዳ ነው?» ሲል ሻጭ ላይተር ለኩሶ ጠርዙን ያስነካል፤ ፕላስቲክ ቢሆን ይኮማተራል። ስለ ስሙ ግን የሚጠይቅ የለም፤ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል እዚህ የሚመሰክረው ለቆዳው ነው። በመሆኑም እውነተኛ የአገር ቆዳ ሐሰተኛ ስም ለብሶ ይሸጣል። የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች የጣሊያን መለያ መለጠፋቸውም የዚሁ ልማድ ታላቅ ወንድም ነው።

ድርጊቱን በማጭበርበር ብቻ መፈረጅ ቀላል ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ያስረዳል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የእጅ ጓንት ሥራ ተፈላጊ ነው፤ የእንግሊዙ ቆዳ አልፊ ፒታርድስም ለረጅም ዘመን ይገዛው ነበር። ጓንቱን የሚያደርገው ሰው የሚያነበው ግን የሠሪውን ስም እንጂ የሌጦውን አገር አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬ ቆዳና ሌጦ ወጪ ንግድ ላይ ከባድ ግብር መጣሉ ፋብሪካዎችን ወደ ማልፋት ገፍቷል፤ ስም ግን በግብር አይገነባም።

የአገር ውስጥ ቦርሳ ሠሪዎች የያዙት አንዱ መንገድ የሸማኔን ጥለት ከቆዳ ጋር ማዋሐድ ነው፤ «ዛፍ» የተሰኘው ድርጅት ቦርሳዎች ለዚህ ይጠቀሳሉ። ውበቱ አያጠያይቅም፤ ድክመቱ ጥለት የማንም የግል ንብረት አለመሆኑ ነው፤ ነገ ጎረቤቱ ያንኑ ቢሠራ ከልካይ የለውም። ስለዚህ ከጥለቱ ጋር የሠሪው ስምም መታተም አለበት። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ሲሆን ጥበቃው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል።